ያላነበብሁት መጨረሻ

በ2001 ክረምቱ ዘግይቶ ገባ። ሰሊጥ ዘራን፤ አልበቀለም። መሬቱን ገልብጠን ደግመን ዘራን። ሁለተኛው ሲበቅል ዝናቡ አልቆም አለ። ሰሊጥ ሥሩ ላይ ውሃ ከተኛበት ቆሞ ይሞታል። የእርሻዬ ግማሽ ቆሞ ሞተ። ጳጉሜ ሦስት ቀን ባለቤቴን ታንጉን ወባ ጣላት። የመኪናው መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ስለነበር ከእርሻው ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ በትራክተር አመጣናት። ሰባት ሰዓት ፈጀብን። ሐኪም ቤቱ በር ስንደርስ አልፋ ነበር።

ጥቅምት ላይ የተረፈውን የሚያጭድ ሰው ጠፋ። ሳሉግ የምንላቸው፣ ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ገሚሱ በወባ ተኛ። ገሚሱ ካላዛር ነው ተብሎ ሆዱ አብጦ በጭነት መኪና ተመለሰ። የደረሰ ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም። አፉን ይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል። እርሻው ዳር ቆሜ ሲፈስ አየሁት።

ልጄ ሠላማዊት ጎንደር ከመምህራን ኮሌጅ ትምህርቷን ትታ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ተመለሽ አልኋት። ማን ሊያበላዎ ነው አለችኝ። ደግሜ ተመለሽ አላልኋትም። ከእኔ ጋር በመቅረቷ ደስ ብሎኝ ነበር። በደስታዬ አፈርሁ፤ ግን አልተውሁትም።

* * *

ታኅሣሥ ላይ ገንዳ ውሃ ያለው መጋዘኔ ባዶ ነበር። በደህናው ዓመት እስከ ጣሪያው ሰሊጥ የሚከመርበት ነው። የወጣቶች ማኅበር ሰዎች መጥተው ለሦስት ወር አውሰን አሉ። የፊልም ታሪክ አጻጻፍ የሚያስተምር ሰው ከጎንደር አምጥተናል፣ ማስተማሪያ አዳራሽ ግን የለንም አሉ። እኔ ፊልም ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፣ ያውም ቪዲዮ ቤት። ሁለቱንም ሳልጨርስ ወጥቻለሁ። መጋዘኑን ግን ፈቀድሁ። ባዶውን ሳየው ይከፋኝ ነበር።

መምህሩ ቀጭን፣ ጠይም ሰው ነው፤ አነጋገሩ የወሎ ነው። ግራ እጁ ላይ የማጭድ ጠባሳ አየሁ። እሱም ዓይኔን ተከትሎ ጠባሳውን አየ። ከዚያ ተማሪዎቹ ፊት፣ ምንም ሳያፍር፣ «ጋሽ ጌጡ፣ እኔኮ ለይኩን ነኝ። ሁለት ዓመት የአንቱን ሰሊጥ አጭጃለሁ» አለኝ።

አስታወስሁት። ከአጨዳው በኋላ ጎንደር ገብቶ ሰርግ ለሚቀርጽ ሰው ካሜራ ተሸክሟል። ቆይቶ ራሱ ቀርጿል። ከዚያ አዲስ አበባ ወርዶ ስድስት ወር ፊልም ተምሯል። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ እኔ በልቤ ሳሉግ ብዬ አስቀመጥሁት። ሰውን አንድ ጊዜ ካስቀመጥሁበት አላነሣም ነበር።

አሥራ አራት ተማሪዎች ባዶ ጆንያ አጣጥፈው ተቀመጡ። እኔ ወንበሬን በሩ ላይ አወጣሁ። ንብረቴን ልጠብቅ ብዬ ነው፤ እያደር ግን መስማት ጀመርሁ። የሚያስተምረው ትሪትመንት የሚሉትን ነው። ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት፣ ንግግሩም ሳይጻፍ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጥቂት ገጽ ማስፈር ነው። ዓይን የሚያየውን ብቻ ጻፉ ይላቸዋል። መጨረሻውን አትደብቁ፣ መጨረሻውን ያላወቀ አንባቢ ምንም አላወቀም ይላቸዋል።

ሽመክት የሚባል ባጃጅ ነጂ ታሪኩን አውሮፕላን በመከስከስ ጀመረው። ለይኩን አንብቦ፣ አውሮፕላን የሚገዛልን ካለ ይሁን፣ ከሌለ ግን ባጃጅ ይገልበጥ አለው። ሽመክት ባጃጇ የወንድሜ ናት፣ በወረቀትም ቢሆን አትገለበጥም ብሎ ተሟገተ። ከመተማ ዮሐንስ የመጣች፣ የሱዳን ሽቶና ጨርቅ የምትነግድ መጂዳ የምትባል ልጅ ነበረች። እሷ የጻፈችው ኬላ ላይ ስለቆመ ፈታሽ ነው። አንዷን ነጋዴ ይወዳታል ይላል። ለይኩን መውደዱን ካሜራው በምን ያውቃል ብሎ ጠየቃት።

«ሻንጣዋን ሳይፈትሽ ሲያሳልፋት ነዋ» አለች።

መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ። በቃ አንቺ ተምረሻል፣ ለሌሎቹ ንገሪልኝ አላት።

ሠላማዊት መጀመሪያ ምሳዬን ልታደርስ ነበር የምትመጣው። ሳህኑን ሰጥታኝ በሩን ተደግፋ ትሰማለች። በሁለተኛው ሳምንት ጆንያ አጥፋ ተቀመጠች። ስለ አንዲት እናቷ ስለሞተችባት ልጅ ጻፈች። «ልጅቷ በጣም አዘነች» የሚለው ላይ ለይኩን በእርሳስ አሰመረበት። ከጎኑ «ይህ አይታይም» ብሎ ጻፈ። ተቆጣች። ሐዘን እንዴት አይታይም አለችው። ያዘነ ሰው ምን ያደርጋል፣ እሱን ጻፊ አላት።

በማግሥቱ ተነሥታ አነበበች። «ልጅቷ ሦስት ሳህን ታወጣለች። ታያቸዋለች። አንዱን ትመልሳለች።»

ለይኩን አንገቱን ደፋ። እኔ በር ላይ ሆኜ መሬት መሬት አየሁ። አንድ ቤት እየኖርን፣ ከአንድ ገበታ እየበላን፣ ይህን አላወቅሁም ነበር። ልጄን ያያት ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ላይ ቅናት ያዘኝ።

* * *

ከዚያ ወዲያ ገጾች ከእሷ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እሷ ይመላለሱ ጀመር። እሷ በሰማያዊ እስክሪፕቶ ትጽፋለች፤ እሱ ዳር ዳሩን በእርሳስ ያርማል። ወረቀቱን ሲሰጣት ፊቷን አያይም። እሷ ግን ዞር ካለ በኋላ ታየዋለች። ስትቀመጥ ከፊት ሳይሆን ከጎን ነው፤ ሰሌዳውንም እሱንም በአንድ ዓይን የምታይበት ቦታ። ይህን ሁሉ ከወንበሬ አያለሁ። የሚጻጻፉትን ያነበብሁት በኋላ ነው።

እሱ «ይህን ሰውዬ ለምን በሩ ላይ አቆምሽው?» ይላል።

እሷ «ግባ ያለው ስለሌለ» ብላ ትመልሳለች።

እሱ «ማን ይበለው?» ይላል።

ለዚህ ዳር ላይ አልመለሰችም። ቀጣዩ ገጽ ላይ በእስክሪፕቶ «ልጅቷ በሩን ክፍት ትታ ትሄዳለች» ብላ ጽፋለች። ከእርሱ እርሳስ በዚያ ገጽ ላይ ምንም የለም። ነጥብ እንኳ አላደረገም። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ እንዲህ ተነጋገሩ።

በዚያው ወር ዘሩ ሠላማዊትን ሊጠይቅ ሽማግሌ ላከ። ዘሩ ከጎንደር መጥቶ ያረሰ፣ ሦስት ትራክተር ያለው ሰው ነው። የሚቀጥለውን ክረምት አብረን ልናርስ ተነጋግረን ነበር። ሽማግሌዎቹን እሺም እምቢም ሳልል ሸኘሁ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ፈገግ ብሎ፣ «ጋሽ ጌጡ፣ መጋዘንዎ ውስጥ ሰሊጥ ጠፍቶ ፍቅር ተከመረ ይላሉ» አለኝ። አጠገባችን የነበሩት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

የካቲት መጨረሻ ለይኩን ብቻውን ቤቴ መጣ። ሽማግሌ የለውም፤ ዘመዶቹ ወሎ ናቸው። ቆሞ ጠየቀኝ። ተቀመጥ አላልሁትም።

«በቀን ሒሳብ የቀጠርሁት ሰው አማቼ አይሆንም» አልሁት።

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አለ። «ሰሊጡን ግን በደንብ ነው ያጨድሁት።»

ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ሠላማዊት ከጓዳ ሰምታለች። ምሳ ስታቀርብ ዓይኗ ቀልቷል። እሱ የተናገረው ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። በደንብ ነበር ያጨደው። ይህን ማወቄ አናደደኝ።

* * *

መጋቢት ላይ፣ እሷ ገበያ በሄደችበት፣ ክፍሏ ጠረጴዛ ላይ አራት ገጽ አገኘሁ። አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርሁት፤ ቀስ ብዬ አነባለሁ። ታሪኩ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ሠላማዊትና ለይኩን ይባላሉ። ለይኩን ለተማሪዎቹ አንድ ሥርዓት ነበረው። የመጀመሪያውን ረቂቅ በምታውቁት ሰው እውነተኛ ስም ጻፉ፣ ያኔ ሰውየው ይታያችኋል፣ ስሙን በኋላ ትቀይሩታላችሁ ይላቸዋል። ይህን ያለ ዕለት እኔ እርሻ ነበርሁ፤ አልሰማሁም።

ገጾቹ እንዲህ ይላሉ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሠላማዊት ትንሽ ቦርሳ ትይዛለች። ለአባቷ መተማ የምሄድበት ሥራ አለኝ ትለዋለች። መተማ ዮሐንስ ከመኪና ትወርዳለች። ኬላውን ታልፋለች። ለይኩን ከድልድዩ ማዶ፣ በሱዳኑ ጋላባት በኩል ቆሟል። አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ሠላማዊት ድልድዩ መካከል ትደርሳለች፤ ለይኩን እጁን ይዘረጋል። ወረቀቱ እዚያ ያልቃል።

አራቱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብሁ። አምስተኛ ገጽ ይኖራል ብዬ አልጠየቅሁም። ለእኔ ይህ ታሪክ አልነበረም። ቀኑና ቦታው የተነገረበት የመጥፊያ ዕቅድ ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ እያታለሉ ሱዳን የሚያሻግሩ ደላሎች በየሰው አፍ ነበሩ።

ዓርብ ዕለት ሠላማዊት፣ ነገ ከተማሪዎቹ ጋር መተማ እንሄዳለን፣ የጻፍነውን ቦታ በእግራችን ረግጠን እንድናየው መምህሩ አዟል አለችኝ። ደህና አልሁ። ወጥቼ ለዘሩ ስልክ ደወልሁ።

ቅዳሜ ከዘሩና ከሰዎቹ ጋር በፒክአፑ ሄድን። ከኬላው ወዲህ ወርጄ ቆምሁ። ተማሪዎቹ ገና ሻይ ቤት ነበሩ። ለይኩን ከማዶ ሆኖ ድልድዩን በእርምጃ ይለካ ነበር። ሠላማዊት መካከል ላይ ቆማ ደብተር ይዛለች። እየሣቀች ነበር። እናቷ ከሞተች እንዲህ ስትሥቅ አላየኋትም። የዘሩ ሰዎች ሮጡ። ፖሊስ እስኪደርስ ሁለት ጥርሱን አወለቁት፤ እጁን ሰበሩት። እሷ ትምህርት ነው፣ ትምህርት ነው ትላለች። ዞራ ስታየኝ ዝም አለች። ያ አተያይዋ ምን እንደነበር ዛሬም ቃል የለኝም።

ፖሊስ ጣቢያ ልጄን አታልሎ ሊሸጣት ነበር ብዬ ፈረምሁ። ቃሉን ያቀበለኝ ዘሩ ነው፤ የፈረምሁት ግን እኔ ነኝ። ሠላማዊትን ጎንደር እህቴ ዘንድ ሰደድኋት። ተማሪዎቹ ግብረ አበር ትባላላችሁ ተብለው ፈሩ፤ አንድም ለምስክርነት አልቀረበም።

ከፍርዱ አሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ለይኩን የተከራየበት ቤት ባለቤት ቦርሳውን አምጥቶ መጋዘኑ ውስጥ ጣለልኝ። ከፈትሁት። አንድ ሸሚዝ፣ እርሳሶችና አንድ ገጽ ነበር። አምስተኛው ገጽ።

ሠላማዊት ድልድዩ መካከል ትቆማለች ይላል። ወደ ኋላ ታያለች። ከኬላው ወዲህ አባቷ ብቻውን ቆሟል። ለይኩን ያየዋል። የተዘረጋ እጁን ይሰበስባል። ሠላማዊት ወደ አባቷ ትመለሳለች።

ከሥሩ በእርሳስ «ትክክለኛው መጨረሻ ይኸው ነው። አትለውጭው» ብሎ ጽፎበታል።

ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። በዚያው ሰዓት ተነሥቼ ፍርድ ቤት ብሄድ ሰውየው ይፈታ ነበር። ልጄ ግን በሐሰት እንዳሳሰርሁት ታውቃለች። ስታውቅ ትሄዳለች። ገጹን ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት። ጎንደር ሄድሁና ለይኩን ፍርድ ቤት ፊት ቆሞ አመነ አልኋት። ደላላ ነኝ፣ ሱዳን ገዳሪፍ ላይ የሚቀበላት ሰው ነበረኝ ብሎ አመነ አልኋት።

ድልድዩን የለካው ለዚያ ኖሯል አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመች። «አባባ፣ አዳኑኝ» አለች።

አራት ዓመት ተፈረደበት። የሳመችውን እጄን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የት እንደማደርገው አላውቅም።

* * *

ተመልሳ መጣች። ዘሩን እምቢ አለች፤ ሌሎችንም። አንድ ቀን የመጋዘኑን ቁልፍ ጠየቀችኝ። ትምህርቱን ልቀጥል ነው አለች። ገረመኝ። «ትምህርቱ ጥሩ ነው» አለች፤ «ሰውየው ነው መጥፎ።»

ስድስት ዓመት አስተማረች። ሰሊጥ ሲገባ ታቆማለች፣ መጋዘኑ ሲራቆት ትጀምራለች። ዓይን የሚያየውን ብቻ ጻፉ ትላለች። መጨረሻውን አትደብቁ ትላለች። እዚህ ላይ ስትደርስ ከወንበሬ ተነሥቼ መጋዘኑን እዞራለሁ። ስሙን አንሥታ አታውቅም። ተማሪዎቹ ሲፋቀሩ ካየች ድምፅዋ ይሻክራል። ቀጠነች። ሳቋ ከድልድዩ ወዲህ አልተመለሰም።

በ2008 ኅዳር መጂዳ መጣች። ወፍራለች፣ ቀልዷ ግን ያው ነው። አሁን ጨርቅ ጭና እስከ አብደራፊ ትሄዳለች፤ ለአጨዳ የወረዱ ሠራተኞች ከእሷ ይገዛሉ። ሻይ እየጠጣች ወሬ ስታወራ ቆየችና ድንገት ቀልዱን ተወች። ለይኩንን አብደራፊ ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ አየሁት አለች። ከእስር ወጥቶ ሰሊጥ ሲያጭድ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ካላዛር ነው። ሆዱ እንዲህ፣ እጁ እንዲህ አለች በእጇ እያሳየች። መርፌ ጀምረውለታል፤ ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ለመትረፉ እርግጠኛ አይደለንም ብለዋል። ትምህርቱ ቀጥሏል ወይ ብቻ ነው የጠየቀኝ አለች።

ሠላማዊት ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። «ለሸጠኝ ሰው አላዝንም» አለች። መጂዳ ግራ ተጋብታ እኔን አየችኝ። ዓይኔን አዞርሁ።

በማግሥቱ መጋዘኑን አልከፈተችም። በሦስተኛውም ቀን አልከፈተችም። አንድ መስኮት ላይ ተቀምጣ ታያለች። ሰውየው እንደዚህ ቢሞት እሷ ዕድሜዋን በሙሉ ስትጠላው ትኖራለች። እየጠላችው ነው እንዲህ የምትሆነው። አየኋት፣ አየኋት። በአራተኛው ቀን ተነሺ፣ አብደራፊ እንሄዳለን አልኋት። ለምን አለችኝ። መንገድ ላይ እነግርሻለሁ አልሁ።

ጎንደር አደርን። በማግሥቱ በሳንጃ በኩል ወረድን። ሁለት ቀን አጠገቧ ተቀምጬ አፌን ልከፍት ሞከርሁ። ውሃ ትፈልጊያለሽ አልኋት። ሙቀቱ በዛ አልኋት። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተኝ። እንደዚያ ራሴን ንቄው አላውቅም።

* * *

ክፍሉ ረጅም ነው። ከበር እስከ ግድግዳ አልጋ፣ አልጋው ሁሉ ሳሉግ። አስታማሚ ያለው ጥቂት ነው። ለይኩን ከመስኮቱ ሥር ነበር። መጂዳ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ሲያየኝ ለመነሣት ሞከረ።

«ጋሼ፣ ምነው ደከሙ» አለኝ።

ሠላማዊት ከአልጋው ግርጌ ቆመች። ሰላም አላለችውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች። «ገዳሪፍ ለማን ነበር የምትሰጠኝ?»

ለይኩን አልገባውም። ፊቷን ፈለገ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ምን እንዳልኋት ሲገባው አየሁት። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ጥርስ የጎደለው አፉን ከፈተ።

«ያለፈ ነገር ነው» አላት። «አባትሽን ይዘሽ ግቢ። መንገዱ ለሽማግሌ ከባድ ነው።»

ልትዞር ነበር። እየሸሸገኝ እንደሆነ ያኔ አወቅሁ። ያሠርሁት፣ ያስደበደብሁት ሰው እየሞተ ልጄን ሊተውልኝ ነው። የጎረቤቱን አልጋ ብረት ያዝሁ።

«ቁሚ» አልኋት። «አላመነም። ፍርድ ቤት ላይ አንድም ቀን አላመነም። አመነ ያልሁሽ ውሸት ነው። አራቱን ገጽ አንብቤ ከሰስሁት። አምስተኛውን አንብቤ ዝም አልሁ።»

የታመሙት ሁሉ ይሰማሉ። ይስሙ አልሁ።

«አምስተኛውን መቼ ነው ያነበቡት?» አለችኝ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

«ከፍርዱ በፊት።»

«ስንት ቀን ሲቀረው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወደ እሱ ዞረች።

«አንተስ? አንድ ደብዳቤ እንኳ?»

«ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» አለ። «አባትሽ ዋሹ ልበል? እናት የለሽ። እሳቸውንም ካሳጣሁሽ ማን ይቀርሻል?»

«እሱን የምመርጠው እኔ ነበርሁ። አንተም እሳቸውም መረጣችሁልኝ።» አለችው። «ስድስት ዓመት ጠላሁህ፣ ለይኩን። ያስተማርኸኝን እያስተማርሁ በየቀኑ ጠላሁህ። ጠዋት ስነሣ ጠላሁህ። ሰሌዳ ስጠርግ ጠላሁህ። ደከመኝ።»

«በደንብ አስተማርሻቸው?» አላት።

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ማጭድ የቆረጠውን፣ የዘሩ ሰዎች የሰበሩትን እጁን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች። እወድሃለሁ አላለችውም። እሱም አላላትም። የሚታየው ይበቃ ነበር።

መርፌው አሥራ ሰባት ቀን ነው፤ ስድስቱ ሄዷል። ቀሪውን እዚህ ነኝ አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለነርሷ። ከዚያ እኔን ሳታይ፣ «ብቻዎን ይግቡ» አለችኝ። አባባ አላለችኝም። ወጣሁ። ከበሩ ሥር ብዙ ቆምሁ። ደረቴ ባዶ ነው፤ በዚያ ባዶ ውስጥ ግን ትንሽ አየር ይገባ ጀምሮ ነበር።

* * *

ወደ ቤቴ አልገባሁም። ጉዳዩ የታየበት ፍርድ ቤት በር ላይ ከአውቶቡስ ወረድሁ። መዝገብ ቤት ያለው ጸሐፊ ወጣት ነው። የለይኩንን ስምና ዓመቱን ነገርሁት። በሐሰት መስክሬ ነው፣ ቃሌን ልለውጥ መጣሁ አልሁት። አቧራ የጠጣ መዝገብ አውጥቶ ገለጠ። ፊርማዬን አየሁት። ትልልቅ ፊደል፣ የልጅ ጽሑፍ ይመስላል።

ጸሐፊው በትህትና ሊያስረዳኝ ሞከረ። በሐሰት መመስከር ራሱ ያስከስሳል አለ። ዕድሜዬን አየ። በሩን ከፍቶልኝ፣ እንዳልመጡ ልቁጠረው አለኝ።

«አባቴ፣ ሰውየው እኮ ጨርሶ ወጥቷል» አለ።

«እሱ ጨርሷል» አልሁት። «እኔ አልጀመርሁም።»

ወረቀት ሰጠኝ። ቀስ ብዬ ጻፍሁ። ያየሁትን ጻፍሁ፤ ያደረግሁትን ጻፍሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳልደብቅ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ለይኩን ሰባራ እጁን ይዞ የቆመበት አዳራሽ ከግድግዳው ማዶ ነበር።

ጸሐፊው አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። መርማሪ እንዲጠሩ ሰው ላከ። እኔ ብዕሩን አንሥቼ ስሜን ሙሉውን፣ እስከ አያቴ ጻፍሁና ፈረምሁ።